የሕያው ሰው መቃብር

ትሬንታ ኳትሮዋ የጭነት ማኪና ወለቃን አልፋ የኮሶዬን ዳገት ስትያያዝ፣ ወለተሩፋኤል ከኑግ ጆንያ ላይ ተቀምጣ የጎኑን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። በዕድሜዋ ማኪና ላይ ስትወጣ ይህ ሁለተኛዋ ነው። የመጀመሪያው ያለፈው ዓርብ ነበር፤ ያን ዕለት በነጠላዋ ሥር የተሰረቀ ጠርሙስ ስለያዘች ስለ ማኪናው የምታስብበት ልብ አልነበራትም። ዛሬ ያንኑ ጠርሙስ ከመቃብር ልታወጣ ስትሄድ ግን የመንገዱ ጉድጓድ አንድ ሳይቀር ከወገቧ ይገባል።

ፊት ለፊቷ የጎንደር ሆስፒታል ቁስል ጠራጊ፣ ድሬሰር ዋኘው ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ የሆስፒታሉን የቆዳ ቦርሳ ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ከጎንደር ፒያሳ ከተነሡ ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ሲቆጧት መልስ የማታጣ ሴት ናት፤ ዝም ሲሏት ግን መግቢያው ይጠፋታል።

«ዋኘው» አለች በመጨረሻ። «ምነው እንዲህ ዘጋኸኝ?»

«አልዘጋሁዎትም እሜቴ። ሰዓት እየቆጠርኩ ነው። አውሮፕላኑ ነገ ጠዋት ከአዘዞ ይነሣል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው በሳምንቱ ነው።»

«እንደርሳለን።»

«መድረሱንስ እንደርሳለን። የሚካኤሉ ቄሰ ገበዝ መቃብሩን እንዳንከፍት ቢከለክሉንስ?»



ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ በጎንደር ካሉት የአቋቋም መምህራን ስማቸው ከሚጠራው አንዱ ናቸው። በአቋቋም ዜማው በአፍ ይወጣል፤ መቋሚያና ጽናጽሉ በእጅ ይያዛል፤ ምስጋናው ግን በእግር ነው የሚረገጠው። መሪጌታ አርባ ዓመት ረግጠዋል። ካህናቱ ሲያሸበሽቡ ዓይን ሁሉ የሚያርፈው እሳቸው እግር ላይ ነበር፤ ከትግሬም ከጎጃምም እየመጣ ከበራቸው የሚያድረው ተማሪ ያንን እግር ሊማር ነው የሚመጣው። እባጭ የወጣባቸው ታዲያ በቀኝ ጭናቸው ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ሽንብራ ታህል ነበር፤ ቀጥላ ሎሚ አከለች፤ ዘንድሮ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳ ጥምቀት፣ የሰው ጭብጥ ሆነች። ጸበል ተጠመቁ፤ እባጩ እንዳለ ነው። ወጌሻ በቅቤ አሸላቸው፤ እባጩ ግብር የገባለት መስሎት ይሆናል፣ ይባስ አደገ። ወለተሩፋኤል ሐኪም ይይዎት ባለች ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር።

«ያላመመኝን ምን ብለው ያክሙኛል?»

በጥምቀት ወረብ ላይ ግን እግራቸው ከዳቸውና ተንገዳገዱ። ሕዝቡ አላየም፤ ተማሪዎቻቸው አይተዋል። ከዚያ በኋላ መሪጌታ አልተከራከሩም። ብቻ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ይጠበቅልኝ አሉ። በጾሙ ከበሮ ያርፋል፤ ሽብሸባም የለም፤ እስከ ትንሣኤ ድረስ እግራቸውን የሚፈልገው የለም ማለታቸው ነው። የጎንደር ሊቅ ሕመሙን እንኳ በባሕረ ሐሳብ ቆጥሮ ነው የሚታመም።

ሆስፒታል ሲገቡ መቋሚያቸውን ይዘው ገቡና ከራስጌያቸው አቆሙት። ሐኪሙ ወጣት ፈረንጅ ነበር። ሁለት ጣቱን እባጩ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ብዙ ጊዜ ቆየ። ወደ ግራ ገፋው፤ ወደ ቀኝ ገፋው።

«ያማል?»

«ኧረ አያምም» አሉ መሪጌታ፣ ደስ የሚያሰኙት መስሏቸው።

ሐኪሙ ደስ አላለውም። «ቢያም ጥሩ ነበር» አለ በተሰባበረ አማርኛው። ወለተሩፋኤል ከእግርጌ ቆማ ይህን ሰማች።

በማግስቱ ከእባጩ ባቄላ የምታህል ቁራጭ ቆርጦ አወጣ። ዋኘው ቁራጯን ዓይን የሚያቃጥል መድኃኒት ባለበት ጠርሙስ ከተተ፤ አፉን በቡሽ ወትፎ በሰም አተመው፤ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው። ወለተሩፋኤል ጠየቀችው። እሱም የካህን ልጅ ነውና አክብሮ አስረዳት።

«ይህች አዲስ አበባ ሄዳ በማይክሮስኮፕ ትታያለች እሜቴ። ጮማ ብቻ ከሆነች ሐኪሙ እባጩን ፈልቅቆ ያወጣዋል፤ መሪጌታም በእግራቸው ይወጣሉ። ግን እባጩ ከጡንቻው ጋር ተጣብቋል፤ ሲገፉት አይንሸራተትም። እንዲህ ያለው አልፎ አልፎ ክፉ ይሆናል። ከስንት አንድ ነው የሚገኘው፤ ሐኪማችን ራሱ በዕድሜው ሁለት ብቻ ነው ያየው። እሱ ከሆነ እግራቸው ከላይ ካልተቆረጠ ወደ ሳምባ ይሄዳል።»

ይህን ብሎ ከጠርሙሱ ጋር የሚላከውን ደብዳቤ ሊያመጣ ሄደ። ሲመለስ ጠርሙሱ የለም።

ሆስፒታሉ አራት ቀን ታመሰ። ዋኘው ሰብሮት ደብቋል ተብሎ ታማ፤ ስምንት ዓመት ያገለገለ ሰው ቀና ብሎ የሚያይበት ዓይን አጣ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሐኪሙ ፋሻውን ፈቶ ቁስሉ ማመርቀዙን አየ። አሁን ሁለተኛ ቢቆረጥ ዕጢውን መበተን ይሆናል አለ፤ ሳያውቁ እግር መቁረጥም ግፍ ነው፤ ዝም ብሎ መጠበቅም ሞት ነው። ወለተሩፋኤል ይህን ስትሰማ ወጣችና ዋኘውን ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ ኋላ አገኘችው። ጠርሙሱን እሷ እንደወሰደችውና የት እንዳስቀበረችው ነገረችው። እሱም፣ «ዳባት የምትሄድ ማኪና ቅድም ፒያሳ ቆማ አይቻለሁ» ብቻ ነበር ያላት።

ኮሶዬ ላይ ወረዱ። ከመንገዱ እስከ አስታ ሜዳ ሚካኤል አንድ ሰዓት በእግር ያስኬዳል። የጠዋቱ ጉም ተገፎ ቆላው ከገደሉ ሥር ወለል ብሎ ይታያል። ሁለቱም ጾመኛ ናቸው፤ ውኃ እንኳ አልቀመሱም። ወለተሩፋኤል ቁልቁለቱን ከዋኘው ቀድማ ወረደችው። ይህች አጥቢያ መሪጌታ የተወለዱባት ናት፤ እናታቸው በቅጥሩ ውስጥ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር ተቀብረዋል። እሷም ጠርሙሱን ከእናትየው እግር ሥር ነው ያስቀበረችው።

ቄሰ ገበዝ የሻው ከደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የቅዳሴውን ሰዓት ይጠብቃሉ። ከሩቅ ሲያዩዋት ብድግ አሉ።

«ምነው! መሪጌታ አረፉ እንዴ?»

«ኧረ አሉ አባ! አሉ።»

«እሰይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው መስቀላቸውን አሳለሟት። ዋኘውንም አሳለሙ። «እንግዲያ በጾም መንገድ ምን አመጣሽ?»

ነገረቻቸው። ቄሰ ገበዙ እስክትጨርስ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይሆንም። እዚህ አፈር የገባ ነገር መለከት ሳይነፋ አይነሣም። ሥርዓቱ ነው። ማን ይቀስቅሰው? ሐኪም?»

«አባ፣ ለሕይወታቸው ነው» አለ ዋኘው።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«የግራ ጌታ ውዱ።»

«የግራ ጌታ ውዱ ልጅ! ያ ባለ ቅኔ መርፌ ወጊ ወለደ?»

«ወለደ አባ። መርፌም ያድናል።»

ቄሰ ገበዙ ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑት። ግን አልለሰለሱም። ወለተሩፋኤል ወደ ጽዱ አየች። አዲሱ አፈር ገና አልደረቀም። የካህን ሚስት ናትና ነገር በየት እንደሚገባ ታውቃለች።

«አባ፣ ያን ዕለት ሲቀበር ፍትሐት ተፈቷል?»

«ለሕያው ሰው ፍትሐት የለም።»

«እንግዲያ አልተቀበረም። አደራ ተቀምጧል እንጂ። አደራ ደግሞ ባለቤቱ ሲጠይቅ ይመለሳል።»

ቄሰ ገበዙ ጺማቸውን ያዙ። ነገሩ ጥሟቸዋል። «ሸጋ ተናገርሽ» አሉ። «እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ ቅዳሴ ላይ ጭንቅ ነው የያዘኝ። ስማቸውን ከሕያዋን ልጥራ ከሙታን? ሥጋቸው እዚህ ከእናታቸው ጋር ነው፤ እሳቸው ጎንደር እህል ይበላሉ። ሁለት እሑድ ዘለልኳቸው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።» ዋኘው ከዓርብ ወዲህ ያለፈው እሑድ አንድ ብቻ መሆኑን ሊያርም አፉን ከፍቶ ተወው። ቄሰ ገበዙ ቀጠሉ። «ግን አደራ ባለቤቱ ሲጠይቅ ነው ያልሽ። ባለቤቱ ጠየቁ? መሪጌታ ናቸው የላኩሽ?»

ወለተሩፋኤል አዎ ልትል ነበር። አዎ ማለት ቀላል ነው፤ ጎንደርም ሩቅ ነው። አፏ ላይ ደርሶ ቀረ።

«አያውቁም» አለች።

«አያውቁም?»

«ጠርሙሱ እንደጠፋ እንጂ ማን እንደወሰደው አያውቁም። እኔ ነኝ የሰረቅኳቸው። ለእርስዎ ያን ዕለት ሜሮን የተቀባ ሥጋ በባዕድ እጅ አይንከራተት፣ ለትንሣኤ ከእናታቸው ጋር ይቆይ ብዬዎታለሁ። እሱም ልቤ ውስጥ ነበረ፤ አልዋሸሁም። ግን ለሱ ብዬ አይደለም የቀበርኩት።» እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። «ይህ ልጅ ይህች ቁራጭ ናት እግራቸውን የምታስቆርጠው አለኝ። እኔ ደግሞ ምስክሩ ከጠፋ ፍርዱም ይቀራል አልኩ። እግራቸውን ቆርጠውባቸው ከማኅሌት ውጭ በበርጩማ ተቀምጠው ላያቸው አልፈለግሁም። እንዳያውቁ፣ እኔም እንዳላውቅ ብዬ ነው የቀበርኩት። ባሌን ልገድላቸው ነበር አባ፤ በፍቅር።»

ዋኘው ወደ ገደሉ ዞሮ ቆመ። የሠራተኛው ሁሉ ሐሜት፣ እንቅልፍ ያጣበት አራት ሌሊት፣ ስለ ምን እንደነበረ አሁን ገባው። ሊቀየማት ፈለገና አልሆነለትም።

ቄሰ ገበዙ ጋቢያቸውን አውልቀው ድንጋዩ ላይ አኖሩ።

«መፍራትሽ አይደንቀኝም» አሉ። «ሐዋርያትም ፈርተው በር ዘግተዋል። የግራ ጌታ ልጅ፣ ዶማው ከዕቃ ቤቱ ጥግ አለ። አምጣው። ቅዳሴ ሳንገባ እንጨርስ።»

አንድ ክንድ እንኳ አልቆፈሩም። ዋኘው ዶማውን ትቶ በእጁ ማሰ፤ ብርጭቆው እንዳይሰበር ነው። ወለተሩፋኤል ዓርብ ዕለት ቡሹን ነቅላ ሥጋውን ብቻ በነጭ ጨርቅ ልትጠቀልለው አስባ ነበር፤ የመድኃኒቱ ሽታ አስፈርቷት ከነጠርሙሱ ነበር ያስቀበረችው። ያ ፍርሃቷ ነው አሁን የሚያወጣት። ጠርሙሱ ከነሰሙ ወጣ። ዋኘው በኮቱ እጅጌ ጠርጎ ወደ ፀሐይ አነሣው። ቁራጯ ነጣ ብላ በመድኃኒቱ ውስጥ ትዋኛለች፤ አልተነካችም።

«ደኅና ናት?» አለች ወለተሩፋኤል።

«ደኅና ናት እሜቴ። ትናገራለች።»

በጥጥ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተታት። ቄሰ ገበዙ አፈሩን በእግራቸው መለሱትና ከላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አኖሩበት። «የሕያው ሰው መቃብር ከቅጥሬ ወጣልኝ» አሉ። «ዛሬ ስማቸውን እጠራለሁ።»

ሁለቱ ከዳገቱ እኩሌታ ሲደርሱ ደወል ተደወለ። ወለተሩፋኤል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ ተሳለመች። ውስጥ ቄሰ ገበዙ፣ ተዘከሮ እግዚኦ ለገብርከ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ አቤቱ ባሪያህን አስበው፣ እንደሚሉ፣ ያንንም ከሕያዋን ወገን እንደሚሉት ታውቃለች። ዋኘውም ቆሞ ጠበቃት። ከዚያ ቦርሳውን ከዚህ ትከሻው ወደዚያኛው አዛውሮ፣ «ስሜን ግን ለሐኪሙ እርስዎ ነዎት የሚያነጹልኝ» አላት።

«ዛሬውኑ» አለች።

እንዳለችውም አደረገች። ጀንበር ሳትጠልቅ ጎንደር ገቡ፤ ሐኪሙ ፊት ቀርባ ነገሩን አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ሐኪሙ ግማሹን ነው የገባው፤ ያ ግማሽ ግን በቂ ነበር፤ የዋኘውን እጅ ሁለት ጊዜ ጨበጠ። በማግሥቱ ጠርሙሱ በአውሮፕላን ሄደ።

መልሱ የመጣው ከደብረ ዘይት እሑድ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ ከመሪጌታ አልጋ ጫፍ ተቀመጠ፤ ዋኘው ቆሞ አስተረጎመ። ክፉው ነው። ከጡንቻና ከጅማት የሚበቅለው ነው፤ ከስንት አንድ የሚገኘው። ገና ወደ ላይ ሳይወጣ ተደርሶበት ይሆናል፤ ይሆናል እንጂ ነው አይባልም። እግሩ ግን ከላይ መቆረጥ አለበት።

መሪጌታ ዓይናቸውን ወደ ሚስታቸው መለሱ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ይህን ጥያቄ ነው ከቀብር ጉድጓድ ድረስ የሸሸችው። አሁን ደረሰባት። ሁሉን ነገረቻቸው፤ መስረቋን፣ ማስቀበሯን፣ ለምን እንደሆነም። መሪጌታ አላቋረጧትም። ጨርሳ፣ «አሁን የምለውን ከጠየቁኝ፣ ይቆረጥ» አለች።

«አርባ ዓመት የቆምኩበት እግር ነው ወለተሩፋኤል።»

«አውቃለሁ። እኔ ግን የተዳርኩት ለእግርዎ አይደለም።»

መሪጌታ ተነፈሱ። ሳቅም ለቅሶም የሚመስል ትንፋሽ ነበር። ወደ ሐኪሙ ዞረው በጣታቸው የቀን ቁጥር ቆጠሩ። «ከሆሣዕና በፊት ይሁን» አሉ። «በትንሣኤ ከበሮው ሲነሣ እዚህ ተኝቼ እንድሰማው።»

ተቆረጠ። ደማቸው ብዙ ፈሰሰ፤ ሁለት ቀን ነፍሳቸው ከደጅ ቆማ ገባ ወጣ አለች፤ በሦስተኛው ቀን ውኃ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ተማሪዎቻቸው መጥተው ቢሰለፉ አላናገሯቸውም። መቋሚያውን ከራስጌ አንሡልኝ ብለው ከበሩ ኋላ እንዲቆም አስደረጉ። ወለተሩፋኤል ሆስፒታሉ በመድኃኒት ያቆየላትን የተቆረጠ እግር በአዲስ ነጠላ ጠቀለለች፤ ቄሰ ገበዝ የሻው ራሳቸው በቅሎ ይዘው ጎንደር ድረስ መጥተው ነበርና አብረው ወደ አስታ ሜዳ ወጡ።

በሰሙነ ሕማማት ሐሙስ ቀን ተመለሰች። እግሯ ላይ የመንገዱ አቧራ እንዳለ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች። መሪጌታ ከግድግዳው አልዞሩም፤ ግን እንደነቁ ከትንፋሻቸው አወቀች።

«የት አደረግሽው?» አሉ።

«ከእናትዎ እግር ሥር።»

«ያ ጠርሙስ ከነበረበት?»

«ከዚያው። ጉድጓዱን አሰፉት።»

«ፍትሐት ፈቱበት?»

«አልፈቱም። አባ የሻው ለሕያው ሰው ፍትሐት የለም አሉ። እንደ አደራ ነው ያኖሩት።»

ከውጭ፣ ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር፣ ተማሪዎቻቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የትንሣኤውን ዜማ ሲያጠኑ ይሰማል። አንደኛው የዜማውን ስልት ሳተና ሌላው አረመው፤ አራሚውም ተሳስቷል። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ትከሻቸው ተንቀሳቀሰ።

«ቦታው ደረቅ ነው?» አሉ።

«ደረቅ ነው። ጎርፍ አይነካውም።»

ቀስ ብለው ዞሩ። ሚስታቸውን አዩ፤ ብርድ ልብሱ ባዶውን የተኛበትን ስፍራም ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ።

«እንግዲያ እዚያው ይቆየኝ» አሉ። «እኔ ገና ነኝ። በይ መቋሚያዬን አቀብይኝ፤ እነዚህ ልጆች ዜማውን ገደሉት።»